አሥራ አንድ ቀን ባለበት የቆመ መንግሥት

እህቴን ከቤቷ ለማስወጣት የተሰበሰብነው አራት ነበርን፦ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ፣ የልጇ ሚስትና እኔ ታናሽ እህቷ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ሰዓቱም ከምሳ በኋላ፣ ሰው ጠግቦ ሌላውን መምከር የሚያምረው ሰዓት። እሷ ጀርባዋን ለኮምፒውተሩ ሰጥታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትሰማናለች። ከኋላዋ ስክሪኑ ላይ አንድ ሙሉ መንግሥት ከነሠራዊቱ፣ ከነመርከቡ ባለበት ደርቆ ቆሟል። ጊዜውን ካቆመችው አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር።

ወሬውን ያቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም። ግን ሌሎቹ ሲያወሩት እህቴን ወይ የጃጀች ያደርጓታል፣ ወይ የታመመች፤ እሱ ደግሞ ደሜን ያፈላዋል። የሆነውን እንደሆነው የሚናገር ከጠፋ ጥፋተኛዋ ትናገር።

እህቴ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም ግን አይደለችም። ሐኪሙ የሰውየውን አፍ ልክ ወስዶ ይልክላታል፤ እሷ በጄሶ መንጋጋውን ታወጣለች፣ በሰም ድድ ትሠራለታለች፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትተክላለች፣ ከዚያ ሰሙን አቅልጣ በፕላስቲክ ትተካና በሙቅ ውሃ ታበስለዋለች። የሥራ ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከሥሩ ማተሚያ ቤት አለ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የጄሶ መንጋጋዎች በሙሉ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጫቀጫሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቅ ገደለኝ። እሷ ግን ቀና ብላም አላየችኝ። አንዱን መንጋጋ አንስታ አገላበጠችና «ይሄ ሰውዬ ተኝቶም ይጣላል» አለች። ጥርሱ በመፋጨት አልቋል ማለቷ ነው።

አብረን መንገድ ስንሄድ አንድ ሰው ድንገት ከሳቀ ትቆማለች። «የእኔ ናቸው» ትለኛለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሰውየው አያውቃትም። ጥርሱ የተላከበት ሳጥን ላይ የተጻፈው የሐኪሙ ስም ነው፣ ምስጋናውም ለሐኪሙ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማውን ስታስቅ ኖራ አንድ ሰው ስሟን ጠይቆ አያውቅም። እሷ ስለዚህ ነገር አማርራ አታውቅም፤ የማማርረው እኔ ነኝ።

ባሏ የሞተ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በዚያው ዓመት ልጇ አገባና ወጣ፤ ሲወጣ አሮጌ ኮምፒውተሩን ትቶላት ሄደ። ሁለት ዓመት አቧራ ሲጠጣ ቆይቶ፣ አንድ ቀን የሠርጉን ፎቶ ልታይ ከፍታ የማይሆን ነገር ነካች። ካርታ መጣ፤ ልጇ ሲጫወትበት የነበረ የነገሥታት ጌም ነው። በካርታው ጥግ አንድ ረግረግ፣ በረግረጉ ላይ አንድ ግንብ፣ በግንቡ ውስጥ ሪህ የያዘው አንድ ባላባት። ባላባቱ የእሷ መሆኑ ነው። ሃያ ደቂቃ አልቆየም፤ አደን ወጥቶ የዱር አሳማ ገደለው። እህቴ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናዳ እንደማታውቅ ነግራኛለች። «ማን ስለሆነ ነው እኔን የሚገድለኝ?» አለችና እንደገና ጀመረች።

ጌሙ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነው። መዝገበ ቃላት ገዛች፤ ከሥራ ቦታ የተረፉ የትእዛዝ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ቃል እየለቀመች ጻፈች። መጀመሪያ ያወቀችው ቃል «ከበባ» ነው፤ ቀጥሎ «ከዳተኛ»፣ ቀጥሎ «ጥሎሽ»። በዚያ ቋንቋ «እንደምን አደርክ» ማለትን ግን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከመጀመሩ በፊት ጌሙ ሁለት ነገር ጠየቃት። አንደኛው፣ ስትሳሳቺ ወደ ኋላ መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይ የሚል ነበር። አልፈልግም አለች። እኔ ይህን ስሰማ ጅል መሰለችኝ። «የሠራሁት ጥርስ አንዴ ከበሰለ ወደ ሰም ይመለሳል እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ቤትሽ፣ ማለትም የሚነግሠው ዘርሽ፣ ማን ይባል የሚል ነበር። የእናታችንን ስም ጻፈች። እናታችን ሰባት ልብስ ስፌት መኪና ጨርሳለች፣ ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ ስሟ ግን በቤቱ ካርታ ላይ የለም፣ በእኛም ስም ላይ የለም። የመቃብሯ ድንጋይ እንኳ የሚለው «የእገሌ ባለቤት» ነው። እህቴ ስሟን ከቀይ ማማ አርማ ሥር ጻፈችና አራት ዓመት ሙሉ ካርታው ላይ ስታስፋፋው ኖረች።

እንዴት አስፋፋችው? ጎረቤቷን ያዘች፤ ከዚያ የጎረቤቷን ጎረቤት። ከሥራ ገብታ፣ እራቷን በልታ፣ ዕቃዋን አጥባ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ትነግሣለች፤ ከዚያ ትተኛለች። እሑድ ትንሽ ይረዝማል። በዚያ ዓለም ሰው ይወለዳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ንጉሡ ሲሞት በወራሹ ትቀጥላለች። ስድስት ቀብራ ሰባተኛዋ ላይ ደርሳ ነበር፣ ሰባተኛዋ ንግሥት ናት። እያንዳንዱን መስፍን ስታጠና ብታዩ፣ ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚመቀኝ፣ ማን ሚስቱን እንደሚጠላ ሁሉ ታውቃለች። ምሳ ላይ ተቀምጠን «ያ ወፍራሙ ሰሞኑን ዝም ብሏል፣ አላማረኝም» ትለኛለች። እኔ የሥራ ባልደረባዋ ይመስለኛል። እቴጌ የሚል ስም ያወጣሁላት በዚያ ሰሞን ነው፤ ላበሽቃት ነበር፣ እሷ ግን ወደደችው።

አንድ ቀን ዘመድ ቤት ተሰብስበን «ልጄን ዳርኳት» አለች።

አክስታችን «እሰይ! ለማን?» አለች።

«ለባሕር ሹሙ ልጅ። መቶ መርከብ አላቸው።»

የአክስታችን ዕድሜ ገፍቷል። እህቴ ሴት ልጅ እንደሌላት ዘንግታ፣ ለሠርጉ አልጠራችሁኝም ብላ ሁለት ወር አኮረፈችን። እኛም ሳቅን። ስሕተቱ ግን ያን ቀን ተሠርቶ ነበር፣ ማናችንም አላወቅንም።

በጌሙ የጋብቻ ውል ላይ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ከተደረገባት የሚወለዱት ልጆች የእናታቸው ቤት ይሆናሉ፤ ካልተደረገባት የአባታቸው። እህቴ ሙሽራውን አገላብጣ አይታዋለች፦ ጤናውን፣ ጠባዩን፣ በዘሩ እብደት ይኖር እንደሆነ፣ የአባቱን መርከቦች። ሳጥኗን አላየቻትም። እኔም ብሆን አላያትም ነበር። ልጅ የአባቱ ነው፤ እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው። የእናትየው ስም የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው በቤታችን አላውቅም፣ ስለዚህ ጥያቄው ፊቷ ተጽፎ ሲመጣ ዓይኗ ዘሎት አለፈ።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ከጠጋኙ የወሰድኩላትን ጫማ ይዤ፣ ባለኝ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። እጅጌዋ ላይ ጄሶ አለ። ታለቅሳለች። ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ አይደለም፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ልጄ» አለች።

 አንድ ልጅ ነው ያላት። ጫማውን ጥዬ ግድግዳውን ያዝኩ። ልጇ ደህና መሆኑን፣ የሞተችው የንግሥቲቱ ልጅ መሆኗን፣ በወሊድ መሞቷን እስክትነግረኝ ድረስ ያለፈውን ደቂቃ ለጠላቴ አልመኝም። ስክሪኑ ላይ በጥቁር ክፈፍ የተከበበች ወጣት ሴት አለች፤ ከሥሯ አራስ ልጅ፤ ከልጁ ራስ በላይ ሰማያዊ ዓሣ።

«ዓሣውን አየሽው?» አለችኝ። «ቀዩ ማማ የለም። ልጁ የእነሱ ነው። ወራሼ እሱ ብቻ ነው፣ ንግሥቲቱ ደግሞ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሳንባዋም ታሟል። ዛሬ ብትሞት ዘውዱ የዓሣው ቤት ይሆናል፤ ጌሙም ‹ቤትሽ ጠፍቷል› ብሎ ይዘጋል። በእጄ ነው ያጠፋሁት።» ከዚያ ጊዜን የምታቆመውን ቁልፍ እንደተጫነች አሳየችኝ። መውጫ እስካላገኝ ድረስ አንዲት ቀን አትሄድም አለች።

ላጽናናት ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። እንዲያ አስደንግጣኝ ለሥዕል ነው? ጮኽኩባትና ወጣሁ። ልጇ በማግሥቱ ደውሎ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቆየ ቅጂ ስለሚኖር ነገሩን ከሠርጉ በፊት ወደነበረበት ልመልስልሽ ብሎ ለመናት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የምሸከመውም እኔ ነኝ። እንዳትነካብኝ» አለችው። እሱም ነገረኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ንዴቴ ለጋሼ ደወልኩና «ለሌለች ልጅ ታለቅሳለች» አልኩት።

ያልኩት ይህችን ብቻ ነው። ጋሼ ግን ነገር ሲሰጡት የሚያሳድግ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን «ብቻዋን መኖሯ ነው የጎዳት» ሆነ፤ በስምንተኛው ቀን «ሥራዋን ትተው፣ ከልጇ ጋር ትኑር፣ የልጅ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ታምጣ» ሆነ። በልጇ ቤት ጓሮ በኩል ያለው ክፍል ቀለም ተቀባ። ለእሷ ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ አንድም ሰው አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም።

አሁን ወደ እሑዱ ልመለስ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ቤተሰብ ተናገረ፣ ስለ ጤና ተናገረ፣ «ለአንቺው ብለን ነው» የምትለዋን ነገር አራት ጊዜ አላት። ልጇ ስልኩን እያገላበጠ መሬት መሬት ያያል። ምራቷ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች።

«ክፍሉ ዝግጁ ነው፤ ቀለም ተቀብቷል» አለ ጋሼ።

«ምን ቀለም?» አለች እህቴ።

«ክሬም።»

«ክሬም አልወድም።»

«ቀልዱን ተይው እስቲ። በዚህ ዕድሜሽ በሕፃን ጨዋታ ላይ ተተክለሽ መዋልሽ አያሳፍርሽም?»

«አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ሁለት ሰው ኳስ ሲያባርር እያየህ የምትጮኸው የስንት ዓመት ልጅ ሆነህ ነው?»

ምራቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ሸፈነች። ጋሼ ቀላ። ያኔ ነው ያሰበውን ያወጣው፦ «ለሌለች ልጅ አልቅሰሻል!»

 እህቴ «ማን ነገረህ?» ብላ አልጠየቀችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች።

«አዎ አልቅሻለሁ» አለች። «ከተወለደች ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት አይቻታለሁ። በእናንተ ሰዓት ጥቂት ወር ነው፤ ለእኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ እዚችው ክፍል ተቀምጣችሁ ‹በርቺ፣ አታልቅሺ፣ ልጅ አለሽ› አላችሁኝ። እሺ ብዬ ዋጥኩት። ስድስት ዓመት ዋጥኩት። አሁን ወጣልኝ፤ ይሄኛው ደግሞ ለምን ወጣ ትሉኛላችሁ። የማለቅሰውንም የማላለቅሰውንም የምትወስኑልኝ እናንተ ናችሁ?»

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ፈጥኖ ብድግ አለ፤ ፈጥኖ መነሳቱ ነው ያስጠረጠረኝ።

«እኔ እከፍታለሁ።»

«ተቀመጥ ጋሼ። የማንን በር ነው የምትከፍተው?»

ራሷ ከፈተች። አከራይዋ ነው፣ ቁልፉን በቀለበት ይዞ፤ ከኋላው ወጣት ባልና ሚስት። ሴቲቱ ሜትር መለኪያ ይዛለች፤ አልጋቸው መግባት አለመግባቱን ልትለካ ነው መሰለኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ብምልም የሚያምነኝ የለም፣ ግን አላውቅም ነበር።

አከራዩ «ክፍሉን ለማየት ነበር…» አለ። «በወሩ መጨረሻ ይለቀቃል ስላሉኝ።»

«ማን አለዎት?»

«ታላቅ ወንድምዎ ናቸው የነገሩኝ። ውሉ ደግሞ በልጅዎ ስም ነው፤ ልጅዎም በስልክ አረጋግጠውልኛል።»

እውነቱን ነው። ባሏ ሲሞት ውሉ ሲታደስ «ወንዱ ይፈርም» ተብሎ ልጁ ፈረመ፤ ያኔ ነገሬ ያለው የለም። ልጇን አየችው። «አንተም?» አለችው፣ ሳትጮኽ።

«እማዬ… አጎቴ ሲለኝ፣ ለሚስቴም እረፍት ይሆናል ብዬ…» ዓይኑን ወደ ሚስቱ ላከ፣ እንድታግዘው።

«እኔን አትይ» አለች ምራቷ። «እኔ ሞግዚት አልጠየቅኩም። ክፍሉ ለማን እንደሚቀባ የሰማሁት ከቀለም ቀቢው ነው።»

እህቴ ወደ አከራዩ ዞረች። «ከልጄ ጋር ነው የተዋዋሉት? እንግዲያው ልጄን ይውሰዱት፣ እሱ ይለቅልዎታል። እንዲያውም ከለቀቀልዎት ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን በር ጠዋት የምዘጋው ማታ የምከፍተው እኔ ነኝ። ዛሬ አልወጣም፣ በወሩ መጨረሻም አልወጣም። ሊያስወጡኝ የሚፈልጉ ከሆነ እኔን ያናግሩኝ፤ ስለ እኔ ከሌላ ሰው ጋር አይነጋገሩ።»

ወጣቷ መለኪያውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ይቅርታ እማማ፣ የሚለቅ ሰው አለ ተብለን ነው።»

«ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ጥሩ ቤት ይስጣችሁ።»

አከራዩ በእህቴ ትከሻ አልፎ ልጇን አየው፤ የወንድ ቃል ፍለጋ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እናቱ አልተማጸነችውም፣ ፊቷንም ወደ እሱ አላዞረችም። በመጨረሻ «ቤቱ የእሷ ነው» አለ። «እኔ ተሳስቻለሁ።»

«ነገ ጠዋት ሥራ ሳልሄድ ወረቀት ይዘው ይምጡ» አለች እህቴ ለአከራዩ። «በስሜ ይጻፋል።» በሩን ዘጋች፣ መጥታ ተቀመጠች፤ አሁን ግን ወንበሩን አዙራ ጀርባዋን ለእኛ ሰጠችን።

«ጉባኤው ካላለቀ ቀጥሉ። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ምራቷ ወንበሯን ይዛ አጠገቧ ሄደች። እህቴ አንድ ገጽ ከፈተች፤ እስር ቤቱ ነው። አንዲት ሴት ብቻ አለች፣ ጠጉሯ ተቆርጧል፣ ከራሷ በላይ ቀይ ማማ።

«ይቺ ማን ናት?» አለች ምራቷ።

«እህቴ። የንግሥቲቱ ታናሽ እህት ማለቴ ነው፤ ከአባቷ ሁለተኛ ሚስት የተወለደች፣ ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከጠላቶቼ ጋር በእኔ ላይ መከረች፤ ዘጠኝ ዓመት አሰርኳት። በዚያ ሁሉ ግዛት ውስጥ የእናቴን ቤት ስም የያዘች የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹን እኔው ጨርሻቸዋለሁ።» አሥራ አንድ ቀን ምን ይዟት እንደቆየ ያኔ ገባኝ። መውጫው ከመጀመሪያውም ይታያት ነበር። የከዳትን ሰው ማንገሥ ነው ያቃታት።

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ጆሮዬ እንደ እሳት ይነዳል።

«ይፍቷታ!» አለች ምራቷ።

«ልፈታት ነው። ግን ዘውዱ ለእሷ እንዲደርስ አራሱን ልጅ ከውርስ መንቀል አለብኝ።» ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ እያንዳንዷን ቃል እየተረጎመች ጮክ ብላ አነበበችልን፦ መሳፍንትሽ ሁሉ ይጠሉሻል፤ ብዙዎቹ ያምጻሉ፤ እርግጠኛ ነሽ?

«ግማሹ ግዛትሽ ይሄዳል እኮ!» አለ ጋሼ። ለካ እሱም አንገቱን አስግጎ እያየ ነው።

«ይሂድ» አለችና ተጫነች። ከዚያ የቆመውን ጊዜ ለቀቀችው።

አሥራ አንድ ቀን የደረቀው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ ስምንት መስፍን አመጸ። የዓሣው ቤት መቶ መርከቡን አወጣ። ንግሥቲቱ በአራተኛው ወር ሞተች፣ ዘውዱም ጠጉሯ ባልበቀለው እስረኛ ላይ ተደፋ። ካርታው በዓይናችን ፊት ሲቦጨቅ አየነው፤ ወደቡ ሄደ፣ ተራራው ሄደ፣ የደቡቡ ሜዳ ሄደ። ጋሼ በእያንዳንዱ ላይ «ውይ!» ይላል፣ ኳስ ሲያይ እንደሚለው። እሷ ፊቷ አልተለወጠም። ከሦስት አንድ እጁ ሲቀራት ጦርነቱን አቆመችና ለአዲሷ ንግሥት ባል ፈለገች። መሬት የሌለው፣ የሚያነክስ አንድ ልጅ መረጠች። ከመጫኗ በፊት ወደ እኛ ዞረች።

«ኑ፣ ሁላችሁም ኑ። ጋሼ አንተም ና። ይህችን ሳጥን አያችኋት?» እኛ ስናያት ምልክት አደረገችባት።

«ግን ተሸንፈሻል እኮ» አለ ጋሼ፣ ኮቱን እየለበሰ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፣ ግራ የተጋባ ሰው ነበር። «አራት ዓመት የለፋሽበት ነው የሄደው።»

«የሄደውን እኔ ነኝ የለቀቅኩት። የቀረውም በእኔ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ኖሮኝ አያውቅም፣ ጋሼ።»

 ልጇ ጉንጯን ሊስማት ጎንበስ አለ፤ ፈቀደችለት፣ እሷ ግን አልሳመችውም። ምራቷ በሚቀጥለው እሑድ መጥታ ጨዋታውን ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሲወጡ ደረጃው ላይ ስለ መርከብ ሲከራከሩ ይሰማኛል።

እኔ ቀረሁ። ቁልፏን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ሌላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

«ለጋሼ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«አከራዩን ግን አላውቅም ነበር። በእናታችን…»

«እሱንም አውቃለሁ። እዚያ ድረስ አትሄጂም።»

«ታዲያ በፊታቸው ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን አልሰደብሽኝም?»

ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «ያቺን ፈትቼ አንቺን ልሰር?»

እንባዬ መጣ። ልስማት ብድግ ስል ክንዷን ዘርግታ አቆመችኝ፣ ቁልፉንም አንስታ የራሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ቀስ» አለችኝ። «ፈታሁሽ እንጂ አልሾምኩሽም።»

ከአሁን በኋላ ስመጣ አንኳኩቼ እንደምገባ ነገረችኝ። እሺ አልኩና ወንበር ስቤ ከኋላዋ ተቀመጥኩ።